መጨረሻውን ያሳምርልን፦ የጉዞ ማብቂያ ሌሊት በደብረ ሲና

(በማኅበራችን ዓመታዊ ስብሰባ ላይ ለአባላትና ለደጋፊዎች የቀረበ ንግግር)



ዛሬ የምንነጋገርበት ጉዳይ ሲሰሙት ቀላል ይመስላል። ሰው ረጅም መንገድ ሄዶ ሲመለስ የመጨረሻዋን ሌሊት የት ይደር? «ይህ የቱሪስት ጥያቄ ነው፤ ቆሎ ቆልተን፣ እንጀራ ጋግረን፣ በወር በወር እየቆጠብን ከምንኖር ሴቶች ጋር ምን ያገናኘዋል?» የምትሉ እንደምትኖሩ እናውቃለን። ከደጋፊዎቻችንም «አልጋና አንሶላ ከቁጠባ ማኅበር ጋር ምን አለው?» ብለው የጠየቁን አሉ። ጥያቄው ተገቢ ነው። ስለዚህ መልሳችንን ከመጀመሪያው እናስቀምጥ። ከተማችን መንገደኛ በብዛት የሚያልፍባት፣ ጥቂት ብቻ የሚያድርባት ከተማ ናት። ከሚያልፈው ሰው ጥቂቱ እንኳ የጉዞውን ማብቂያ ሌሊት እዚህ ቢያድር ለእርሱም ይበጀዋል፣ እኛንም ይጠቅመናል። ለእርሱ የማይበጀው ከሆነ ግን እኛንም ለረጅም ጊዜ አይጠቅመንም። ስለዚህ በመጀመሪያ ነገሩን በመንገደኛው ዓይን እንየው።

በአገራችን ሽማግሌ ሲመርቅ «መጨረሻውን ያሳምርልን» ይላል። ሠርግ ሲደገስ፣ ልጅ ትምህርት ቤት ሲገባ፣ አዲስ ቤት ሲመረቅ ይህ ምርቃት አይቀርም። በጉዞ ላይ ግን የመጨረሻውን ነገር የሚያስበው ሰው ጥቂት ነው። ስንነሳ እናቅዳለን፤ ስንቅ እንሰንቃለን፤ የት እንደምናድር፣ የት እንደምንሳለም እንነጋገራለን። ስንመለስ ግን ያለን ሐሳብ አንድ ብቻ ነው፤ «ብቻ ቤቴ ልግባ» እንላለን። ሹፌሩም ይህን ስለሚያውቅ ይነዳል።

እስቲ መንገዱን አብረን እንመልከተው። ከደሴ እስከ አዲስ አበባ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከላሊበላ ወይም ከግሸን ማርያም የሚመለስ ሰው ደሴ አድሮ በማለዳ ይነሳል። ኮምቦልቻን፣ ከሚሴን፣ አጣዬን ያልፍና ሸዋ ሮቢት ሲደርስ ሙቀቱ ያገኘዋል። ሸዋ ሮቢት ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 1,300 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ቆላ ናት። ከዚያ 35 ኪሎ ሜትር ያህል ሽቅብ ሲወጣ ደብረ ሲና ይደርሳል፤ እኛ ያለነው 2,700 ሜትር ገደማ ላይ ነው። ከእኛ በላይ ደግሞ መንገዱ እየተጠማዘዘ ከ3,000 ሜትር በላይ ወደሚደርሰው ጣርማ በር ይወጣል። እዚያ ጣልያን በወረራው ዘመን፣ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ባለው ጊዜ፣ ያስቆፈረው ከግማሽ ኪሎ ሜትር በላይ ርዝመት ያለው ዋሻ አለ። ዋሻውን ያለፈ ሰው ቆላውን ከኋላው ጥሎ የሸዋን ደጋ ይይዛል።

አሁን ሰዓቱን አስቡት። ከደሴ በማለዳ የተነሳ፣ በየመንገዱ ምሳ የበላ፣ ማንጎና ሽንኩርት ለመግዛት የቆመ መኪና እኛ ጋ የሚደርሰው ከሰዓት በኋላ ነው። የዳገቱ ከባድ ክፍል የሚጠብቀው ሹፌሩ በደከመበት ሰዓት ነው። የጫኑ ከባድ መኪናዎች እያቃሰቱ ይወጣሉ፤ ከኋላቸው የተሰለፈው ሚኒባስ ትዕግሥቱ ያልቅና በጠመዝማዛው ላይ ሊቀድም ይሞክራል። በዚያ ላይ ጉም አለ። የጣርማ በርን ጉም የምናውቅ ሰዎች እናውቀዋለን፤ ከቆላ የሚነሳው ሞቃት አየር ገደሉን ታክኮ ሲወጣ ይቀዘቅዝና ጉም ሆኖ መንገዱን ይሸፍነዋል። ከፊት ያለው መኪና የኋላ መብራት እንኳ የማይታይበት ጊዜ አለ። ዳገቱን ጨርሶ እንኳ አዲስ አበባ ለመድረስ ገና ከ170 ኪሎ ሜትር በላይ ይቀረዋል፤ ያም በጨለማ ነው።

ስለዚህ የመጀመሪያው ምክንያታችን ውበት አይደለም፤ ደኅንነት ነው። ከደሴ ደብረ ሲና ለአንድ ቀን የሚበቃ መንገድ ነው። እዚህ አድሮ ጣርማ በርን በጠዋት፣ ባረፈ ሹፌር መውጣት አስተዋይ ሰው የሚያደርገው ነው። ጠዋት ጉም ቢኖር እንኳ ቡና እየጠጡ እስኪገፍ መጠበቅ ይቻላል። ማታ ግን ጉም ያገኘው ሰው የሚጠብቅበት ቦታ የለውም።

ሁለተኛው ምክንያት የሰው ልብ ነው። ከጉዞ ሲመለስ ሁሉም ሰው ብዙ ነገር ተሸክሞ ይመለሳል። ዐሥራ አንዱን የላሊበላ አብያተ ክርስቲያናት ያየ፣ የግሸንን ዳገት በእግሩ የወጣ፣ ደሴ ዘመድ የጠየቀ ሰው ያየውን የሚያብላላበት ጊዜ ይፈልጋል። ያንኑ ሌሊት ቤቱ የገባ ሰው በማግሥቱ ሥራ ይገባል፤ ያየው ነገር ሳይወራ ይቀዘቅዛል። መንገድ ላይ አንድ ጸጥ ያለ ምሽት ያሳለፈ ግን ጓደኞቹን ሰብስቦ «ያቺን ነገር አይታችኋል?» ይላል። የታየው ነገር የሚጠናው ሲወራ ነው።

ይህን የምናስበው እኛ ብቻ አይደለንም። ዋሻውን ያስቆፈሩት ሰዎች አገር ወደ ሆነችው ጣልያን የሚሄዱ መንገደኞችም በየጊዜው ይህንኑ ይጠያየቃሉ። ሮምን፣ ፍሎረንስን፣ ቬኒስን ያየ ሰው የመጨረሻ ቀኖቹን እንደገና በትልቅ ከተማ ግርግር ውስጥ ያሳልፍ ወይስ ትንሽና ረጋ ያለች ከተማ ይፈልግ? ብዙዎች ትንሿን ይመርጣሉ። ለምሳሌ ሉካ የምትባል ከተማ አለች። ዙሪያዋን ያጠራት የድሮ ግንብ እስከ ዛሬ ሙሉ ነው፤ ርዝመቱ 4 ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን አናቱ ላይ ዛፍ ተተክሎበት የከተማው ሰውም እንግዳውም ማታ ማታ ይንሸራሸርበታል። አውሮፕላን ማረፊያ ያላት ፒሳ በባቡር ግማሽ ሰዓት ያህል ብቻ ትርቃለች። ሉካ ሄዶ «ይህን ሳላይ ቀረሁ» ብሎ የሚጨነቅ ሰው ብዙ አይደለም። ሰው የሚወዳትም ስለዚህ ነው፤ ቅርብ ናት፣ በእግር ትዞራለች፣ አታስቸኩልም። ደብረ ሲና ሉካ ናት አላልንም። ሰው የመጨረሻ ማረፊያውን የሚመርጥበት ሚዛን ግን ሮምም ቢሆን ደሴም ቢሆን ያው ነው ማለታችን ነው።

ሚዛኑ ምንድን ነው? እኛ ስንወያይበት አምስት ነገሮች አገኘን። አንደኛ፣ ለቤት ቅርብ ይሁን፤ በማግሥቱ ከሰዓት በፊት ወይም ምሳ ሰዓት ላይ የሚገባበት። ሁለተኛ፣ የቀረው መንገድ ከባዱ ክፍል በጠዋት የሚታለፍበት ይሁን። ሦስተኛ፣ አየሩ የደከመ ሰውነት የሚያሳርፍ ይሁን። አራተኛ፣ የግድ መታየት ያለበት ነገር አይብዛ፤ ያለው ግን ደስ የሚያሰኝ ይሁን። አምስተኛ፣ ሰውዬው የሚከፍለው ገንዘብ እዚያው አገር ሰው እጅ ላይ የሚቀር ይሁን። ይህ አምስተኛው ለመንገደኛው አስፈላጊ የማይመስል ነገር ነው። ግን ባለቤቲቱ ራሷ ያበሰለችውን እራት የበላ እንግዳ ልዩነቱን ያውቀዋል።

በዚህ ሚዛን መንገዳችን ላይ ያሉትን ከተሞች በሐቅ እንመዝናቸው። የራሳችንን ብቻ ብናወድስ ማንም አያምነንም።

ሸዋ ሮቢት እኅታችን ናት፤ ከአባሎቻችንም ከዚያ የመጡ አሉ። ፍራፍሬው፣ ሽንኩርቱ፣ ማሾው የሚመጣው ከእነርሱ ዘንድ ነው። በደጋው ብርድ ለተሰቃየ ሰው፣ ደጅ ተቀምጦ ማምሸት ለሚወድ ሰው ሸዋ ሮቢት ትሻላለች። ግን ቆላ ናት፤ የወባ አገር ስለሆነች አጎበር ያለው አልጋ መጠየቅ ያስፈልጋል፤ በበጋው መጨረሻ ደግሞ ሙቀቱ እንቅልፍ ይነሳል። ዳገቱም ሙሉ በሙሉ ለነገ ይቀራል።

ደብረ ብርሃን ከእኛ 60 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ አዲስ አበባ የቀረበች ናት። በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ የከተሟት ታሪካዊ ከተማ ናት፤ በብርድ ልብሷም አገር ያውቃታል። ዛሬ የፋብሪካ ከተማ ሆናለች፤ ሆቴል በብዛት አላት፤ ባንክና ሆስፒታል በቅርብ የሚፈልግ ሰው፣ ሕመምተኛ ወይም አራስ ይዞ የሚጓዝ ቤተሰብ እዚያ ቢያድር እኛም እንመክራለን። ግን እዚያ ለመድረስ ጣርማ በርን በዚያው ቀን ማለፍ ግድ ነው፤ ከተማዋም ሥራ ላይ ያለች ከተማ ናት፣ ረጋ ያለች አይደለችም።

አንኮበርም አለች። የሸዋ ነገሥታት መናገሻ የነበረች፣ ዐፄ ምኒልክ እንጦጦን ከመያዛቸው በፊት የነበሩባት ከተማ ናት። ቤተ መንግሥቱ በነበረበት ኮረብታ ላይ ቆሞ ቆላውን ማየት ሕይወትን ያድሳል። ሆኖም ከደብረ ብርሃን ወደ ምሥራቅ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ከዋናው መንገድ መውጣት አለበት። ሁለት ሌሊት ላለው ሰው ግሩም ናት፤ አንዲት ሌሊት ብቻ ለቀረችው ግን ሌላ ጉዞ መጀመር ይሆንበታል።

ወደ እኛ እንምጣ። ደብረ ሲና ማለት የሲና ተራራ ማለት ነው። ከተማዋ በገደሉ ወገብ ላይ የተንጠለጠለች ናት፤ ከላይ ጣርማ በር፣ ከታች የይፋት ቆላ። ማታ ፀሐይ ከተራራው ኋላ ቶሎ ትገባለች፣ ቆላው ግን ለጥቂት ጊዜ እንደበራ ይቆያል። ጠዋት ደግሞ ተገልብጦ ፀሐይ ከአፋር በኩል ስትወጣ ፊት ለፊት እናያታለን። ይህን ለማየት ትኬት አይቆረጥም፤ ወንበር ብቻ ይበቃል። አየሩ ብርዳም ነው፤ ጋቢ ያስፈልጋል፤ ትንኝ ግን የለም። በቆላው ሙቀት የዋለ ሰው እዚህ ሲደርስ ምሽቱን እንቅልፍ ይወስደዋል።

ጠዋት መንቀሳቀስ ለሚሻ ደግሞ ከከተማችን በስተ ደቡብ በገደሉ ላይ የወፍ ዋሻ ደን አለ። የጥድ፣ የወይራ፣ የዝግባ፣ የኮሶ ዛፎች ያሉበት የተፈጥሮ ደን ነው፤ መንገድ የሚያውቅ የአካባቢ ልጅ ይዞ መሄድ ይገባል። በጣርማ በር አካባቢ ጭላዳ ዝንጀሮዎች ሣር ሲግጡ ይታያሉ። በአገራችን ካልሆነ በዓለም ላይ የትም የማይገኙ እንስሳት መሆናቸውን ስንቶቻችን እናውቃለን? እኛ ማሳ የሚያበላሹ ብቻ አድርገን ስለምናያቸው እንግዳ መኪና አቁሞ ፎቶ ሲያነሳቸው ይገርመናል። ይህን ሁሉ ያላየ ሰውም ምንም አልጎደለበትም። ቡናውን ጠጥቶ፣ ቆሎውን ቆርጥሞ፣ ተኝቶ ቢነሳ ጉዞው ተሟልቷል።

ቀን መምረጥም ይቻላል። ከአጣዬ አጠገብ ያለችው የሰንበቴ ገበያ እሑድ ትቆማለች። አማራው፣ ኦሮሞው፣ አርጎባው፣ አፋሩ የሚገናኝባት ትልቅ ገበያ ናት። ጉዞውን ለእሑድ ያደረሰ ሰው ቀን ሰንበቴን አይቶ፣ ማታ ደብረ ሲና አድሮ ሰኞ በጠዋት ዋሻውን ማለፍ ይችላል።

እስካሁን «መንገደኛ» ስንል ካሜራ ያንጠለጠለ ፈረንጅ በዓይናችሁ መጥቶ ይሆናል። እርሱም ቢመጣ ደስ ይለናል። ነገር ግን በዚህ መንገድ ላይ በብዛት የሚያልፈው የአገራችን ሰው ነው። በመስከረም 21 ግሸን ማርያምን ተሳልመው የሚመለሱ፣ ለገና ላሊበላ ውለው የሚመለሱ፣ ወሎ ዘመድ ጠይቀው ወይም ለቅሶ ደርሰው የሚመለሱ ናቸው። ከእነርሱም ብዙዎቹ ሴቶች ናቸው።

እስቲ ስለ እነዚህ ሴቶች እንናገር። አንዲት እናት ለዓመታት ስትመኝ ቆይታ፣ ሳንቲም ከሳንቲም አጠራቅማ ከሰፈር ማኅበሯ ጋር ግሸን ትሄዳለች። ሄዳ እስክትመለስ ድረስ ቤቷን ለልጆቿ አደራ ብላለች። ወደ ቤቷ ስትገባ ምን እንደሚጠብቃት ታውቃለች፤ ያልታጠበ ልብስ፣ ያለቀ እንጀራ፣ የተጠራቀመ ሥራ። አውቶቡሱ በሌሊት ቢያደርሳት ሳትተኛ ሊጥ ታቦካለች። ለእርሷ የጉዞ ማብቂያ ሌሊት ቅንጦት አይደለችም። በዓመት ውስጥ ሌላ ሰው እራት የሚያቀርብላት፣ ሌላ ሰው ውኃ አሙቆ እግሯን የሚያጥብላት ብቸኛዋ ሌሊት ልትሆን ትችላለች። ድሮ በየቤታችን «የመሸብኝ የእግዜር እንግዳ ነኝ» ብሎ ለመጣ ሰው እግር ማጠብ ወግ ነበር። ያንን ወግ መልሰን ብናመጣው ምንም ወጪ የለውም፤ አንድ ገበቴና አንድ ጣሳ ሙቅ ውኃ ብቻ ነው። ግሸንን በእግሯ ወጥታ ለወረደች ሴት ግን ከየትኛውም ኮከብ ካለው ሆቴል ይበልጥባታል።

ስለዚህ «ገንዘብ የሌለው ሰው ለምን መንገድ ላይ አልጋ ይከራያል?» ለሚሉን መልሳችን እንዲህ ነው። ሃያ ሴቶች አንድ ላይ ሲመጡ ሰፊ ክፍል፣ ንጹሕ ፍራሽና ብርድ ልብስ፣ ሽሮና እንጀራ ይበቃቸዋል። የሁሉም አልጋ የሆቴል አልጋ መሆን የለበትም። ለሁሉም በአቅሙ የሚሆን ማደሪያ ማዘጋጀት ደግሞ እኛ ሴቶች የምንችለው ነገር ነው።

አሁን ወደ እኛ ጥቅም እንምጣ። የደብረ ሲና ቆሎ ስሙ የታወቀ ነው። ግን የምንሸጠው እንዴት ነው? አውቶቡስ ሲቆም እንሮጣለን፤ በመስኮት እናቀብላለን፤ ሹፌሩ ሞተሩን ሲያስነሳ መልስ ሳንሰጥ ወይም ሳንቀበል እንቀራለን። አንዳንድ ጊዜ ልጆቻችን ሳሕን ተሸክመው በሚንቀሳቀስ መኪና ሥር ሲሽሎኮለኩ ልባችን ይቆማል። የአንድ ሰው ቆይታ ጥቂት ደቂቃ ነው፤ የሚተወውም ገንዘብ የአንድ ስኒ ቆሎ ዋጋ ነው።

ያው መኪና ቢያድርስ? ዐሥራ ሁለት ሰው የያዘ አንድ ሚኒባስ እንውሰድ። ለዐሥራ ሁለት ሰው መኝታ፣ ለዐሥራ ሁለት ሰው እራት፣ ማታ ቡና፣ ጠዋት ቁርስ፣ ሲሄዱም በየቤታቸው የሚወስዱት ቆሎና በሶ ያስፈልጋል። እጆቹን ቁጠሩ። ቤት ያከራየችው አለች፤ እንጀራ የጋገረችው አለች፤ አንሶላ ያጠበችው አለች፤ ቡና ያፈላችው አለች፤ ቆሎ የቆላችው አለች፤ ባቄላና ምስር የሸጠች የደጋ ገበሬ አለች፤ ከሸዋ ሮቢት ማንጎና ፓፓያ ይዛ የወጣች የቆላ እኅታችን አለች። ወፍ ዋሻ ይዟቸው የሄደ ልጅም አለ። ከአንድ ስኒ ቆሎ ይልቅ የአንዲት ሌሊት ገንዘብ ብዙ ቤት ያንኳኳል። ከሁሉ በላይ ግን ቆሎአችንን በሩጫ ሳይሆን ቁጭ ብለን፣ መዝነን፣ አሽገን፣ በዋጋው እንሸጣለን።

ይህን ስንል ከሰማይ የወረደ ሐሳብ አላመጣንም። ከጣርማ በር ወደ መሐል ሜዳ የሚገነጠለውን መንገድ ይዞ የሚሄድ ሰው መንዝ ጓሳ ይደርሳል። የመንዝ ሕዝብ የጓሳ ሣሩን ቄሮ በሚባለው የአባቶች ሥርዓት ለዘመናት ጠብቆ ዛሬ ለእንግዳ የሚሆን ማደሪያ አለው። በላሊበላ አካባቢ በመቄት የገበሬ መንደሮች በጋራ የሚያስተዳድሯቸው የእንግዳ ጎጆዎች ተሠርተው መንገደኛ ከመንደር መንደር በእግሩ እየሄደ አድሮባቸዋል። ታሪካችንንም ብናይ፣ በአዲስ አበባ የመጀመሪያውን ሆቴል ያቋቋሙት እቴጌ ጣይቱ ናቸው። እንግዳ ማስተናገድ ሙያም ንግድም መሆኑን አንዲት ኢትዮጵያዊት ከመቶ ዓመት በፊት አሳይታለች።

ስለ ሰላሙ ሳንናገር ብናልፍ ታማኝ አንሆንም። አጣዬ በ2013 ዓ.ም. ተቃጥላለች። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ እስከ ሸዋ ሮቢትና ደብረ ሲና ደርሶ ብዙ ቤት አዝኗል፤ በመካከላችን ያሉ እናቶች የደረሰባቸውን ለእናንተ መንገር አያስፈልግም። ስለዚህ ማንንም «ዝም ብለህ ና» አንልም። ሁልጊዜ ሰው ከመነሳቱ በፊት የመንገዱን ሁኔታ ጠይቆ ይነሳ፤ በቀን ብቻ ይጓዝ፤ እኛም ስንጠየቅ እውነቱን እንናገር። መንገዱ ክፉ በሆነበት ቀን «አትምጡ» ያለች ባለቤት፣ መንገዱ ደግ ሲሆን «ኑ» ስትል ትታመናለች።

ታዲያ የቤት ሥራችን ምንድን ነው? ከመስኮት ሽያጭ ወደ ማሳደር ስንሸጋገር የሚጠበቅብን ብዙ ነው። በመጀመሪያ ሽንት ቤት ነው። እንግዳ ስለ ተራራው ውበት ከማውራቱ በፊት የሚያወራው ስለ ሽንት ቤቱ ነው፤ ንጹሕ፣ ከውስጥ የሚቆለፍ፣ ውኃ ያለው፣ ማታ መብራት የሚታይበት ይሁን። ቀጥሎ የመኝታ ክፍሉ በር ከውስጥ ይቆለፍ፤ ብቻዋን የምትጓዝ ሴት በመጀመሪያ የምታየው ይህን ነው። አንሶላው ለእያንዳንዱ እንግዳ የታጠበ ይሁን። ብርድ ልብስ ሁለት ይሁን። ዋጋው በወረቀት ተጽፎ ግድግዳ ላይ ይለጠፍ፤ ለአገሬውም፣ ለፈረንጁም፣ ከውጭ ለመጣው ወገናችንም አንድ ዋጋ ይሁን። የጾም ምግብ በጾም ቀን ብቻ ሳይሆን ሁልጊዜ ይኑር። ለሙስሊም እንግዶቻችን የሚሰግዱበት ንጹሕ ስፍራና የመታጠቢያ ውኃ ይዘጋጅ፤ ሥጋውም በሙስሊም እኅቶቻችን ቤት ይሠራ። የይፋት አገር ሁለቱም እምነት ጎን ለጎን የኖረበት አገር ነው፤ ይህ አዲስ ነገር አይሆንብንም። ቁርስ ደግሞ በጠዋት ይድረስ፤ የሚቸኩል ሹፌር አንድ ጊዜ ካስቀየምነው ሁለተኛ አይቆምልንም።

ሹፌሮችን አንርሳ። ማኅበርና ዕድር ይዘው የሚመጡትን ሰዎች የት እንደሚያድሩ ብዙ ጊዜ የሚወስነው ሹፌሩ ነው። ለእርሱ ጸጥ ያለ ክፍል፣ መኪናው የሚታይበት የታጠረ ግቢ፣ ትኩስ እራት ብናዘጋጅለት በሚቀጥለው ዓመት ራሱ ይዟቸው ይመጣል። ለእኛ ብለን ብቻም አይደለም። እንቅልፍ ያልጠገበ ሹፌር በጣርማ በር ላይ የሃያ እናት ልጆችን ነው የተሸከመው።

ለደጋፊዎቻችን ደግሞ እንዲህ እንላለን። የሰጣችሁንን ለአልጋ ስናውል ከቁጠባ ዓላማችን ወጥተን አይደለም። ከልጆቻችን ብዙዎቹ ትምህርት ሲጨርሱ የሚያዩት አንድ መንገድ ነው፤ ወደ አዲስ አበባ፣ ከዚያም ወደ ዓረብ አገር የሚወስደው መንገድ። በዚህ በእኛው ዋሻ ነው የሚያልፉት። «አትሂጂ» ማለት ቀላል ነው፤ «እዚህ ይህ ሥራ አለሽ» ማለት ግን ሥራውን መፍጠር ይጠይቃል። እንግሊዝኛ የተማረች ልጅ እንግዳ ብትቀበል፣ ሒሳብ የተማረችው መዝገብ ብትይዝ፣ ምግብ የምትችለው ብታበስል፣ መንገዱ የሚያልፍባት ሳይሆን የሚያቆምላት ሴት ትሆናለች። የምንጠይቃችሁም ገንዘብ ብቻ አይደለም። እናንተና ወዳጆቻችሁ በዚህ መንገድ ስትጓዙ ልባችሁን በቀጥታ ወደ አዲስ አበባ አትስደዱት፤ ከዳገቱ በፊት አንዲት ሌሊት ቁሙ። ያያችሁትን ጉድለትም ሳትፈሩ ንገሩን። ጉድለታችንን የነገረን እንግዳ ከአመሰገነን እንግዳ ይበልጥ ረድቶናል።

አባሎቻችን ሆይ፣ በዚህ ስብሰባ የሚወሰነው ነገር አጭር ነው። ከቁጠባችን የተወሰነውን ለሰፊው የእንግዳ ክፍል ጣሪያና ሽንት ቤት እናውለው ወይስ አናውለው? ሁላችሁም በግልጽ ተናገሩ፤ የሚቃወምም ይናገር። ሥራውን ከተስማማን የመጀመሪያ እንግዶቻችን በመስከረም ከግሸን የሚመለሱ እናቶች ቢሆኑ ደስ ይለናል። እንጀራውን እንጋግራለን፤ ውኃውን እናሞቃለን፤ በጠዋትም ጉሙ እስኪገፍ አብረን ቡና እንጠጣለን።

የመንገደኛውንም፣ የእኛንም መጨረሻ ያሳምርልን።